ጉድጓዱ የማን ነው?

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 መጨረሻ፣ ስለ ተዋጊ በሬ በሚናገሩት ሕጎች መካከል፣ አንባቢ ቸኩሎ የሚያልፋት አንዲት አጭር ሕግ አለች። ጉድጓድ የቆፈረ ወይም የተከደነ ጉድጓድ የከፈተ ሰው መልሶ ሳይከድነው ቢቀርና የሌላ ሰው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት፣ ዋጋውን ለከብቱ ባለቤት ይክፈል ትላለች። ሕጓ ቆፋሪው ክፉ አስቦ እንደሆነ አትጠይቅም። በዚያ መንገድ በሬ እንደሚያልፍ ያውቅ ነበር ወይ ብላም አትጠይቅም። የምትጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከፍተሃል? ከድነሃል?

እኔ እንጀራዬ ከጉድጓድ ነው። ዕድሜዬን በኤክስካቫተር ጋቢና ውስጥ አሳልፌ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ለሕንፃ መሠረት የሚቆፈሩ ጉድጓዶችን በፎርማንነት እመራለሁ። ልጅ ሳለሁ ጎጃም ውስጥ የኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ኦሪትን ግን አስተውዬ ያነበብኩት ሊቨር ከጨበጥኩ በኋላ ነው። ያቺን ሕግ ካገኘኋት ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣችም። መጽሐፉ ስለ ሥራዬ በቀጥታ የሚናገርበት ቦታ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በእኛ ዘመን ጉድጓድ የሚቆፍረው ማን እንደሆነ መለየት እያስቸገረ ስለመጣ ነው።

የአይሁድ ሊቃውንት በዚህች ሕግ ላይ ብዙ ተመራምረዋል። በ200 ዓመተ ምሕረት ግድም እንደተሰበሰበ የሚነገርለት ሚሽና የተባለው የሕግ መጽሐፋቸው፣ ለጉዳት ምንጭ የሚሆኑ ዋና ዋና ነገሮች አራት ናቸው ብሎ ጉድጓድን ከበሬና ከእሳት ጋር ይቆጥረዋል። ሊገድል ይችላል የሚባለው ጉድጓድም ጥልቀቱ በመዳፍ ስፋት አሥር የሆነ ነው ይላል፤ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ስለ ሁለት ሽርኮች የተጻፈው ነው። ጉድጓዱ የሁለት ሰዎች ቢሆን፣ አንደኛው በአጠገቡ አልፎ ሳይከድነው ቢሄድ፣ ሁለተኛውም መጥቶ ሳይከድነው ቢያልፍ፣ ተጠያቂው ሁለተኛው ነው። በሥራ ተቋራጭና በንዑስ ተቋራጭ መካከል የሚነሣውን ክርክር የሰማ ሰው ይህ ፍርድ ምን ያህል እንደሚነካው ያውቃል። ደግሞም ሰው በሕዝብ መንገድ ላይ ጉድጓድ ቢቆፍር፣ መሬቱ የእርሱ ባይሆንም ሕጉ ጉድጓዱን እንደ ንብረቱ ይቆጥርበታል ይላሉ ሊቃውንቱ። በአገራችን ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ጉድጓዱ ግን የቆፋሪው ነው፤ እኔ የተረዳሁት እንደዚያ ነው።

እንግዲህ ቆፋሪው ማን ነው?

ሥራ ስጀምር ጥልቀቱን የሚነግረኝ ሰው ነበር። ሰርቬየሩ ችካል ይተክላል፣ በሲባጎ ያገናኛል፣ በኖራ ያሰምራል። አንድ ልጅ የመለኪያውን ዘንግ ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል፤ ሰርቬየሩ በሌቭል አይቶ በእጁ ምልክት ይሰጠኛል፤ እኔም ባልዲዬን ከልጁ ራስ በላይ ይዤ እጠብቃለሁ። ዛሬ በትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ የሚሠሩ ማሽኖች ጀርባቸው ላይ ሁለት አንቴና፣ በቡሙ፣ በክንዱና በባልዲው ላይ ደግሞ ዘንበል የሚለኩ መሣሪያዎች አሏቸው። ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት በአቅራቢያው ከተተከለ ጣቢያ በሚደርሳቸው እርማት እያስተካከሉ፣ የባልዲው ጥርስ ያለበትን ቦታ በሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ያውቁታል። ኦፕሬተሩ የሚያየው ስክሪኑን ነው። ጃፓኖች ከዚህም አልፈዋል። የኮማትሱ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚሸጣቸው አንዳንድ ኤክስካቫተሮች ባልዲው በንድፉ ላይ ከተሰመረው ወለል ሲደርስ፣ ኦፕሬተሩ ሊቨሩን ቢገፋም ማሽኑ ራሱ ከዚያ በታች አልቆፍርም ይላል። የጃፓን መንግሥትም ሠራተኛው እያረጀና እያነሰ ስለሄደበት እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ይህን አሠራር በመንግሥት ሥራዎች እየገፋበት ነው።

ይህን ነገር እንደ በረከት እቆጥረዋለሁ። ዘንግ ይዞ ከባልዲ ሥር የሚቆም ልጅ እንዳይኖር ያደረገ መሣሪያ እግዚአብሔር ይባርከው እላለሁ። ማሽን የሰውን እንጀራ ቀማ፣ አዳም በላቡ እንዲበላ የተነገረውን ነገር አፈረሰ እያሉ የሚያዝኑ ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ድንጅኖ ይዞ ዐለት ሲፈነቅል የዋለን ሰው ወገብ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው።

አንድ ወጣት ኦፕሬተር ነበረን፤ ትሑትና ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግል ልጅ ነው። አንድ ቀን ንድፉ ላይ ያልነበረ የውኃ መስመር ቆረጠ። መስመሩ ያረጀ ነበር፤ ሰፈሩ ውኃ አጥቶ ሰነበተ። ማታ ሻይ እየጠጣን ሳለ ዝም ብሎ ቆየና፦

«ጋሼ፣ እኔ ስክሪኑ ያሳየኝን ነው የሠራሁት። ከልኩ አንድ ጣት አላለፍኩም። ኃጢአቱ የኔ ነው?» አለኝ።

«መስመሩን አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«አፈሩ ሲለወጥስ? ቢጫ አሸዋ አልወጣልህም?» ቱቦ ሲቀበር ዙሪያው በአሸዋ እንደሚሞላ ሁለታችንም እናውቃለን።

አቀረቀረ። «ወጥቶልኛል። ግን ስክሪኑ ላይ ምንም ስላልነበረ የድሮ ሙሌት መስሎኝ ነው።»

«ቢመስልህስ ማቆም ትችል ነበር?»

«ጋሼ፣ ማሽኑ እኮ በሰዓት ነው የተከራየው» አለኝ።

መልሱ ይህ ነበር፤ ከዚያ በላይ ልጠይቀው አልቻልኩም። ጉዳዩን ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ ግልጽ ያደረገልኝ ይህ ልጅ ነው። በአንድ ጉድጓድ ላይ ስንት ሰው እንዳለ ቁጠሩ። ባለቤቱ አለ፣ አማካሪው አለ፣ ንድፉን ወደ ማሽኑ ያስገባው መሐንዲስ አለ፣ አንቴናውን ያስተካከለው ሰርቬየር አለ፣ ማሽን አከራዩ አለ፣ ፎርማኑ እኔ አለሁ፣ በመጨረሻም ሊቨሩን የያዘው ልጅ አለ። ሁሉም በአጠገቡ አልፏል። የሚሽናው ፍርድ በቀጥታ ከተወሰደ መጨረሻ ያለፈው፣ ማለትም ልጁ፣ ተጠያቂ ይሆናል። ነገር ግን እነዚያ ሽርኮች እኩል ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ክዳኑን አንሥተው ማስቀመጥ ይችሉ ነበር። እኛ ጋ መጨረሻ የሚያልፈው ከሁሉ ድሃው፣ ከሁሉ ወጣቱ፣ «ቁም» የማለት መብት ከሁሉ ያነሰው ነው። ሕጉን ለእርሱ ብቻ ማንበብ ግፍ ነው።

ስለዚህ ለራሴ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው። ጉድጓዱ የሚቆጠረው የማስቆም ሥልጣን ባለው ሰው ላይ ነው። ሊቨሩን የያዘው ልጅ በእጁ ባለው መጠን ይጠየቃል፤ አሸዋውን አይቷልና። እርሱ ካየው በኋላ ማቆም እንዳይችል ያደረገው ሰው ግን አሸዋውን ባያየውም ይጠየቃል። ኃላፊነት እንደ ዳቦ ሲካፈሉት የሚያንስ ነገር አይደለም፤ ለሰባት ሰው ቢደርስ ሰባቱም ሙሉውን ይሸከማሉ። ማሽኑ በመካከል ስለገባ ግን የሰባቱም ድርሻ የቀለለ መስሎ ይታየናል። ስክሪኑ አዘዘ፣ ንድፉ አዘዘ፣ ሰዓቱ አዘዘ እንላለን። ማሽን ንስሐ አይገባም፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ የጣልነው ሁሉ ማንም ሳይናዘዘው መሬት ላይ ይቀራል።

«አላየሁም» የሚለው ቃል ድሮ ከባድ ምክንያት ነበር። የመሬትን ሆድ ማን ያያል? አሁን ግን የሚያይ መሣሪያ አለ። በጎማ የሚገፋ ትንሽ ጋሪ የሚመስል ራዳር ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፤ ሞገዱ አፈሩ ወደ ድንጋይ፣ ወደ ብረት ወይም ወደ ባዶ ቦታ በሚለወጥበት ስፍራ ተመልሶ ይመጣል፤ ቱቦ ከሆነ ስክሪኑ ላይ እንደ ቀስት ጎበጥ ብሎ ይታያል። የኤሌክትሪክ ገመድን በራሱ ሞገድ የሚከተል መሣሪያም አለ። የተጠረጠረውን ቦታ በብረት ጥርስ ከመንካት ይልቅ በውኃ ወይም በአየር ግፊት አፈሩን አላልቶ በቱቦ የሚመጥ መኪናም አለ፤ ይህኛው ገመዱንም ቱቦውንም ሳይነካ ገላልጦ ያወጣል።

አክሱም ላይ የሆነውን እናስታውስ። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. የወሰደችው፣ 160 ቶን ግድም የሚመዝነውና 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተቆርጦ በአውሮፕላን ተመለሰ። ሊተክሉት የተዘጋጁት ባለሙያዎች መሠረት ከመቆፈራቸው በፊት መሬቱን ከላይ ሆነው በመሣሪያ አዩት። ከታች ያልታወቁ መቃብሮች ተገኙ፤ መኪና ማቆሚያ ተደርጎ ሲያገለግል የነበረው ቦታ ሥር ሳይቀር የነገሥታት ዘመን የመቃብር ክፍሎች ነበሩ። ሐውልቱ ተተክሎ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ሰው ለዓመታት መኪና ሲያቆምበት የነበረው መሬት ሙታንን ታቅፎ መኖሩን ሳስብ፣ እኔ በአዲስ አበባ ስንት ነገር ላይ ባልዲዬን እንደሰደድኩ አላውቅም እላለሁ።

እዚህ ላይ የኦሪት ዘሌዋውያን ሥርዓት ይረዳኛል። በዚያ ሥርዓት ሳያውቅ የበደለ ሰው እንኳ ነገሩ ሲገለጥለት መሥዋዕት ያቀርባል። አለማወቁ ቅጣቱን ያቀልለታል እንጂ ነገሩን እንዳልተደረገ አያደርገውም። በወንጌል ደግሞ የጌታውን ፈቃድ ያወቀ ባሪያ ካላወቀው ይልቅ ብዙ እንደሚገረፍ ጌታችን ተናግሯል። ሁለቱን ሳስተያያቸው ለሥራችን የሚሆን ነገር ይወጣልኛል፤ መሬት ውስጥ የሚያይ መሣሪያ በከተማው ውስጥ ካለና ኪራዩ ከማሽኑ ኪራይ ጋር ሲነጻጸር የሚቻል ከሆነ፣ ሳይጠቀምበት «አላየሁም» የሚል ሰው ሳያውቅ ከበደለው ሰው ጋር አይቆጠርም። ላለማየት የመረጠ ነው።

ሆኖም መሣሪያውን አምልኩት አልልም። የአዲስ አበባ ብዙ ክፍል የተቀመጠው ጥቁር ዋልካ ላይ ነው፤ ዋልካ ሲርስ የራዳርን ሞገድ ይውጠዋል። በክረምት ራዳሩን ስትገፋው ስክሪኑ ከአንድ ሜትር በታች ምንም ላያሳይህ ይችላል። ባዶ ስክሪን ማለት ባዶ መሬት ማለት አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው፤ መሣሪያ የሌለው ሰው ፈርቶ ይቆፍራል፣ ባዶ ስክሪን ያየ ሰው ግን ተማምኖ ይቆፍራል። ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የጊቤ ሁለት ኃይል ማመንጫ ዋሻ ነው። ወደ 26 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ዋሻ የሚፈለፍሉት ትልልቅ ማሽኖች ነበሩ፤ በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ግን አንደኛው ተራራው ውስጥ ከተሰነጠቀ ዐለት ጋር ተገናኘ፤ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ጭቃ ያንን ሁሉ ብረት ወደ ኋላ ገፋው። ሥራው ብዙ ጊዜ ተጓተተ። በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ብዙ ቀናት ሳይቆይም የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ። ይህን የማነሣው መሐንዲሶቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ተራራ ውስጥ ገብቶ የሠራ ሰው አክብሮቴ አለው። ዓይናችን የት ድረስ እንደሚያይ ማወቅም ከዕውቀት ይቆጠራል ለማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሕመሜ ልምጣ። በከተማችን አፈር ተደርምሶ የቀን ሠራተኛ ሞተ የሚለው ዜና በየዓመቱ ይሰማል፤ በክረምት ደግሞ ይደጋገማል። አንድ ሜትር ኪዩብ አፈር አንድ ተኩል ቶን ያህል ይመዝናል፤ ከራሰ ይብሳል። ሰው እስከ ደረቱ ከተቀበረ ራሱ ከአፈር በላይ ሆኖ እንኳ መተንፈስ ያቅተዋል። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ጉድጓዱ 1.5 ሜትር ግድም ከጠለቀ፣ ጠንካራ ዐለት ካልሆነ በስተቀር፣ ግድግዳው መደገፍ ወይም ተዳፋት ሆኖ መቆረጥ አለበት። አንድ ሰው ቁመቱን የማይሞላ ጉድጓድ ነው የሚሉት። እኛ ጋ አምስት ስድስት ሜትር ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የዋልካ ግድግዳ ሥር ሰዎች ለመሠረት ሲያስተካክሉ ታያላችሁ።

ብዙ ሰው ይህን የድህነት ነገር ያደርገዋል። እኔ የፍጥነት ነገርም ነው እላለሁ። ጉድጓድ በዶማና በአካፋ በሚቆፈርበት ዘመን ስድስት ሜትር ለመውረድ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ በእነዚያ ሳምንታት መሬቱ ይናገራል። ከላይ ስንጥቅ ያሳያል፣ ከጎን ውኃ ያንጠባጥባል፣ ጠዋት ስትመጣ ጓል ወድቆ ታገኛለህ። ቆፋሪው ያንን እያየ ይፈራል፣ ይደግፋል፣ ያሰፋል። ሃያ ቶን የሚመዝን ኤክስካቫተር ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ የሳምንታቱን ሥራ ይጨርሳል፤ ገልባጮች አፈሩን ያነሡታል፤ በማግስቱ ጠዋት ሰዎች ከግርጌው ይሰማራሉ። መሬቱ ገና መናገር አልጀመረም። በበጋ የደረቀ ዋልካ እንደ ግንብ ቆሞ ያሳያችኋል፤ ስንጥቆቹ የመጀመሪያውን ዝናብ ሲጠጡ ነው እውነቱ የሚወጣው። ማሽኑ እጃችንን አፈጠነው፤ መሬቱ ግን በራሱ ጊዜ ነው የሚንቀሳቀሰው። በዚህ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ድጋፍ ነው፤ ወይ ቀድሞ የሚተከል የኮንክሪት ምሰሶ፣ ወይ የብረት ሳጥን፣ ወይ ተዳፋት። እነዚህ ሁሉ የታወቁ ነገሮች ናቸው፤ በየኮሌጁ ይማሯቸዋል። አለመሠራታቸው የዕውቀት ጉድለት አይደለም። የፈቃድ ጉድለት ነው፤ ስለዚህም የነፍስ ጉዳይ ነው።

ስለ ሙታንም አንድ ነገር ልበል። አጥንት ያገኘ ኦፕሬተር ምን ያደርጋል? በአዋጅ ቁጥር 209/1992 በሕንፃ ወይም በመንገድ ቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና የሚመለከተው ባለሥልጣን እስኪረከበው ሳይነካ እንዲጠብቅ ታዟል። ለተራ ሰው አጥንት ደግሞ እምነታችን አለ። አብሮኝ የሠራ፣ ቢስሚላህ ሳይል ቁልፍ የማያዞር ሙስሊም ኦፕሬተር፣ በእነርሱ ትምህርት የሙትን አጥንት መስበር የሕያውን እንደመስበር እንደሚቆጠር ነግሮኛል፤ ባልዲው ነጭ ነገር ካወጣ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል። በእኛም ዘንድ ዐፅም በጸሎት ይፈልሳል እንጂ በገልባጭ አይጫንም። ቤተ ክርስቲያን አጥር ስታሰፋ ቤተሰቦች መጥተው የዘመዶቻቸውን ዐፅም እንዲያነሡ የምትለጥፈው ማስታወቂያ ለከተማ ሰው የተለመደ ነው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም የቀላል ባቡሩ ዋሻ ሲቆፈር በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ያኔ ብዙ ሰው አዝኖ ነበር፤ ብዙ ሰውም ይመለስ ይሆን እያለ ይጠይቅ ነበር። ያ ሁሉ ሰው መጠየቁ መልካም ነው። ለአንድ ሰማዕት የተጠየቀው ጥያቄ ስም ለሌለው አጥንትም ሊጠየቅ እንደሚገባ ነው የማምነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ስለ ማሽን ያለኝን አስተሳሰብ የለወጠው የጎፋ ነገር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራትቶ ሰው ቀበረ። ጎረቤቶች ሊያወጧቸው ሲጎርፉ ሁለተኛው ናዳ እነርሱንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በቴሌቪዥን ያየነው ሰው በእጁና በአካፋ ጭቃ ሲዝቅ ነው። እኔ ያን ቀን ሳይት ላይ ነበርኩ፤ ለአንድ ሕንፃ መሠረት ሦስት ኤክስካቫተር ቆሞልኛል። ባለሙያ ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ በራሰና ገና በሚንሸራተት ቁልቁለት ላይ ሃያ ቶን ማሽን ማስገባት ራሱ ሌላ ናዳ ሊጠራ ይችላል፤ መንገዱም አስቸጋሪ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ያም ሆኖ በአንድ አገር ውስጥ ሰው ጥፍሩ እስኪነቀል እየቆፈረ፣ እኔ ባልዲዬን ለመኪና ማቆሚያ ስሰድ መዋሌን ከሕሊናዬ ጋር ማስታረቅ አልቻልኩም።

ጌታችን በሰንበት በሬው ወይም አህያው ጉድጓድ የገባበት ሰው ሳያወጣው ይውላልን ብሎ ፈሪሳውያንን ጠይቋቸው ነበር። በዘፀአት ያለው ሕግ ስለ መክደን ነው፤ የወንጌሉ ጥያቄ ስለ ማውጣት ነው። ቁፋሮን ሁልጊዜ ከመክፈትና ከመክደን ጋር ብቻ ሳያይዘው የኖረ ቆፋሪ ብዙ አይገኝም፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ማውጣትም ቁፋሮ ነው። ሰው ከተቀበረበት የሚያወጣ ኦፕሬተር በልዩ ሁኔታ መሠልጠን አለበት፤ ባልዲው ጥርስ የሌለው መሆን አለበት፤ በየጊዜው ሞተር ጠፍቶ ድምፅ መደመጥ አለበት። እነዚህን የሚያውቁ ኦፕሬተሮች በየክልሉ ቢኖሩ፣ በየዞኑም ለአደጋ ጊዜ ያለ ጨረታ የሚነሣ ማሽን በውል ቢታሰር፣ የማሽን አከራዮች ማኅበርም ሆነ የየአካባቢው አስተዳደር ቢስማማበት የማይቻል ነገር አይደለም። ማሽኖቹ አሉ። የጠፋው ማን እንደሚያዝዛቸው አስቀድሞ የተነጋገረ ሰው ነው።

በራሴ ሥራ በኩል አሁን አንድ ክርክር ይዣለሁ። በብዙ ውሎች የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ላይ ቁፋሮ በሜትር ኪዩብ ይተመናል፤ የግድግዳው ድጋፍ ግን «በቁፋሮው ዋጋ ውስጥ ተካቷል» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አጭር ሐረግ ሰው ይገድላል። ዝቅተኛ ዋጋ ሰጥቶ ጨረታ ያሸነፈ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው ያንን የማይታየውን ነው፤ ምክንያቱም ቢሠራውም የሚጨመርለት ክፍያ የለም፣ ባይሠራውም የሚቀነስበት የለም። እኔ የምለው ድጋፉ ለብቻው መስመር ይሰጠው፤ በካሬ ሜትር ተለክቶ ይከፈልበት፤ ሳይሠራ ከቀረ ቀጣዩ ሜትር አይቆፈር። ከቁፋሮ በፊት የሚደረገው የመሬት ውስጥ ፍተሻም ሌላ መስመር ይሁን። ደግሞም ማንም ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛም ቢሆን፣ ስንጥቅ አይቶ «ቁም» ካለ ማሽኑ የቆመበት ሰዓት ኪራይ በባለቤቱ ላይ እንዲታሰብ በውሉ ይጻፍ።

የመጨረሻው ነጥብ ነው ብዙ ያከራከረኝ። አማካሪው፣ የማከብረው ሰው ነው፣ «ይህን ከጻፍን ማንም ተነሥቶ ሥራ ያስቆማል» ብሎኛል። እኔ ደግሞ በእንጀራው ላይ ቀልዶ ስንጥቅ ሳያይ «ቁም» የሚል የቀን ሠራተኛ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ አይቶ ዝም ያለውን ግን ብዙ አይቻለሁ አልኩት። ባለቤቱ አይቀበለውም አለኝ። ባለቤቱን ራሱን ለማነጋገር ለመጪው ማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። ጉድጓዱ አራት ቤዝመንት ነው፤ በስተምሥራቅ በኩል አሮጊት እናት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት የጭቃ ቤት ከአጥሩ ሁለት ሜትር አይርቅም፤ ሰኔም እየደረሰ ነው።